ከቡፌው በላይ የተሰቀለው ደረቅ ዛፍ

ጤነኛ ሰው የሰው ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕል ተሰቅሎ ሲያይ ምን ይላል? "ያምራል" ይልና ጉርሻውን ይቀጥላል። እኔም እንዲያ ነበርኩ፤ ስልጠና እስክወስድ ድረስ።

ስልጠናው "የቆዩ የመልክዓ ምድር ህትመቶች ተምሳሌታዊ ንባብ" ይባል ነበር። እኔ ደግሞ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ብትሉኝ፣ አበል ነው መልሴ። መሄድ የነበረበት የባህል ባለሙያችን ወገቡን ታሞ ተኛ። መሥሪያ ቤታችን ደግሞ (ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው) ለስልጠና የተያዘ በጀት ተመላሽ ከሚሆን በሬም ቢሆን ልኮ ያሰለጥንበታል። በሬ በአቅራቢያው ስላልተገኘ እኔ ተላክሁ።

ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ አሰልጣኝ የጃፓኑንም የጀርመኑንም አሮጌ ህትመት በፕሮጀክተር እያሳየ አስተማረን። ተራራ ተራራ አይደለም፣ ጽናት ነው። ድልድይ ድልድይ አይደለም፣ ከአንዱ ሕይወት ወደ ሌላው መሻገሪያ ነው። ጥንድ ዳክዬ ታማኝ ትዳር ነው። የደረቀ ዛፍ ሞት ነው። ባጭሩ፣ በዚህ ዓለም ላይ ራሱን የሆነ ነገር የለም። ለሂሳብ ሠራተኛ ይህ ትልቅ መገለጥ ነው። እኛ ዘንድ አምስት ሁልጊዜም አምስት ነው፤ ቢያንስ ኦዲተር ባለበት ሰዓት።

ሰርተፍኬቴን ይዤ ሶዶ የተመለስኩት ሳይጠይቁኝ የማብራራ ሰው ሆኜ ነው። ከመናኸሪያ ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ እንደገባሁ የዳሞታን ተራራ ቀና ብዬ አየሁትና "ጽናት!" አልኩ። ባጃጅ ነጂው የሰፈር ስም መስሎት "አላውቀውም፤ እዚያ አካባቢ ስንደርስ ወርደህ ትጠይቃለህ" አለኝ።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ምንም አልነበረም። ችግሩ በዚያው ሰሞን ሰናይት ከአባቷ ጋር ልታስተዋውቀኝ መወሰኗ ነው።

ሰናይት እጮኛዬ ናት። አባቷ ጋሽ ዘርጋ በጎረምሳነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ገበያ ውስጥ ጨርቅ በትከሻቸው እያዞሩ መሸጥ የጀመሩ፣ ዛሬ ግን ሰፊ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። እናቷ የወላይታ ሰው ነበሩ፤ እሷ ሕፃን ሳለች ስላረፉ ያሳደጓት የእናቷ እህት እትዬ አስካለች ናቸው። አሁን ሱቁን የምታስተዳድረው ሰናይት ናት። አባቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው ደንበኛ ሰላም ይላሉ፣ እሷ ታዛለች፣ ትለካለች፣ ትቆርጣለች።

"ሽማግሌ ከመላክህ በፊት አንድ እሁድ ምሳ ና፤ ይዩህ" አለችኝ። "አባባ ዝምተኛ ሰው ይወዳል። ብላ፣ አመስግን፣ ዝም በል።"

ብላ ያለችኝን በላሁ። አመስግን ያለችኝንም አመሰገንኩ።

ክትፎው ቀርቦ፣ ዳጣው ከጎኑ ተቀምጦ ገና ሳይነኩት ዓይን እያስለቀሰ፣ ሁሉም ነገር በሰላም እየሄደ ነበር። ነገር ግን የተቀመጥኩት ከቡፌው ፊት ለፊት ነው፤ ከቡፌው በላይ ደግሞ ሥዕሉ ተሰቅሏል። ወረቀቱ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ወይቧል፤ አረንጓዴው ቀለም በዕድሜ ብዛት ወደ ሰማያዊ ሸሽቷል። ጫፉ ነጭ የሆነ ተራራ አለ። ከሥሩ ሐይቅ፣ ሐይቁ ላይ ሁለት ዳክዬዎች። ዳር ላይ የእንጨት ቤት፣ ከቤቱ አጠገብ አንዲት ቅጠል የሌላት ጠማማ ዛፍ። ወዲህ ቀረብ ሲል ትንሽ ድልድይ፣ ድልድዩ ላይ ጓዝ የተሸከመ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ይሄዳል። የማታውቁት እንዳይመስላችሁ። ያንን ሥዕል ወይም ወንድሙን ሰቅሎ የማያውቅ ሳሎን ያለ አይመስለኝም።

ጋሽ ዘርጋ ዓይኔ የት እንዳለ አዩ። "ሱቁን የከፈትኩ ሰሞን ነው የገዛሁት" አሉ። "ቤት ስንቀይር እንኳ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው።"

"ጋሽ ዘርጋ፣ ይሄ እኮ ዝም ብሎ ሥዕል አይደለም" አልኩ።

ሰናይት ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ማበረታቻ መሰለኝ።

ጀመርኩ። ተራራው የቤቱ አባወራ ጽናት መሆኑን ነገርኳቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሐይቁ የእናት ሆድ ስፋት መሆኑን ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ወደ ዳክዬዎቹ ስደርስ ሰናይትን በጎን እያየሁ "ጥንድ ሆነው የተሣሉት ታማኝ ትዳርን ለማመልከት ነው" አልኩ።

"ወይ ጉድ!" አሉ ጋሽ ዘርጋ። "ይሄን ሁሉ ዘመን ዳክዬ ነው ብዬ!"

በእጃቸው አጎረሱኝ። በወደፊት አማት እጅ የተጎረሰ ሰው ደግሞ ልቡ ያብጣል። በዚያ ቅጽበት ጋሽ ዘርጋ የማይፈቅዱልኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም፤ ሰርጉን፣ ድንኳኑን፣ የሚታረደውን ሰንጋ ሁሉ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁ። ይኼኔ እትዬ አስካለች ከጓዳ ወጥተው ሥዕሉ ሥር ቆሙ። እሳቸው ቤት ውስጥ የሚያወሩት በወላይትኛ ነው፤ አማርኛ ላይ ወንዱንና ሴቱን እንደመጣላቸው ያፈራርቁታል። እኔ ሶዶ ይሄን ሁሉ ጊዜ ኖሬ ወላይትኛዬ ከሰላምታ ስላላለፈ የመሳቅ መብት የለኝም።

"ይሄ የደረቀው ዛፏስ?" አሉ። "እሱ ምንድን ናት?"

"ሞት" አልኩ።

እትዬ አስካለች ከሥዕሉ ሥር ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"የማን ሞት?" አሉ ጋሽ ዘርጋ።

"ኧረ በአጠቃላይ ነው።"

"በአጠቃላይ ምን ማለት ነው? ከቤቱ አጠገብ ነው እኮ ያለው።"

"እሱማ... እንደ አሰልጣኛችን አገላለጽ፣ ከቤት አጠገብ ሲሆን የቤቱን ባለቤት..."

ሰናይት ለሁለተኛ ጊዜ ረገጠችኝ። ይሄኛው ማበረታቻ እንዳልሆነ ከእኔ በፊት ለአውራ ጣቴ ገባው።

በማግስቱ ጋሽ ዘርጋ ሱቅ አልሄዱም። በዓል ካልሆነ በቀር ያንን ወንበር ባዶ አድርገው የማያውቁ ሰው! ገበያተኛው በሽታ ይሆን ሐዘን እያለ ሲጠያየቅ፣ እሳቸው ሶፋ ላይ ጋደም ብለው ዓይናቸውን ዛፉ ላይ ተክለዋል። ደም ግፊት አለባቸው፤ ሐኪሙ ጨው ቀንሱ እንጂ ሥዕል ቀንሱ አላላቸውም። እትዬ አስካለች "እናውርደዋ" ሲሏቸው "ሥዕሉ ስለወረደ ሞት የሚወርድ መሰለሽ?" አሉ አሉ።

"ያደረቅከውን አንተው አለምልመው" አለችኝ ሰናይት በስልክ። "ዛሬውኑ።"

ከሥራ እንደወጣሁ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ መላ ሳብላላ ነበርና በሩን እንዳለፍኩ በደስታ ተናገርኩ። "ጋሽ ዘርጋ፣ የምሥራች! ዛፉ አልሞተም። ክረምት ስለሆነ ቅጠሉ ረግፎ ነው።"

ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ተስፋ መጣ፤ ከዚያ ቆም ብሎ አሰበና ተመልሶ ሄደ።

"ክረምት?" አሉ።

"አዎ፣ ክረምት።"

"ሐምሌ ላይ?"

"ማለቴ የእኛ ሐምሌ ሳይሆን..."

"በሐምሌ ዝናብ የደረቀ ዛፍማ" አሉ ተመልሰው ጋደም እያሉ፣ "በእርግጥም ሞቷል።"

የፈረንጅ ክረምት በረዶ እንደሆነ፣ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ እንደሚያንቀላፋ፣ ሐይቁ ሳይቀር እንደ ድንጋይ እንደሚጠጥር አስረዳሁ። በጥሞና ሰሙኝ።

"ሐይቁ ከጠጠረ" አሉ፣ "ዳክዬዎቹ ምን ላይ ነው የሚዋኙት?"

ስልጠናው ላይ ይህ ጥያቄ አልተነሣም። ይኼኔ እትዬ አስካለች የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር አቀረቡልኝ። ቢያንስ ጎርሼ ዝም ልበል ብዬ ከዳጣው ከመጠን በላይ ዛቅኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር የማስታውሰው በእንባ ውስጥ ነው። ጆሮዬ ጮኸ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ። እትዬ አስካለች ከኋላዬ ሆነው አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"በዚህ ሁሉ ጓዝ ወዴት ነው የምትሄደው?"

"ደብረ ብርሃን" አልኩ።

"ደብረ ብርሃን?"

"የትውልድ አገሬ ነው። ዝውውር ጠይቄያለሁ። ከተፈቀደልኝ ከሰርጉ በኋላ ጠቅልለን እንሄዳለን።"

ዞር ስል የእትዬ አስካለች ጣት ሥዕሉ ላይ፣ ድልድዩ ላይ ባለው ሰውዬ ላይ ተቀስሯል።

"እኔ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ሰውየዋን ነው የጠየቅኩት።"

ጋሽ ዘርጋ ከሶፋው ላይ ተነሥተው ተቀመጡ። እኔን አዩኝ፣ ሰውየውን አዩት፣ እንደገና እኔን አዩኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እትዬ አስካለች ያለ አንድ ቀን ስልጠና የራሳቸውን ንባብ አወጡ። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄደው ሰውዬ እኔ ነኝ፤ ትከሻዬ ላይ ያለው ጓዝ ሰናይት ናት። ምንም እንከን አይወጣለትም፤ አሰልጣኙ ራሱ ቢሰማ ሻርፑን አውልቆ ይሸልማቸው ነበር። ይኸው አንድ ሥዕል ብቻውን ሁለት መርዶ ተሸክሞ ቀረ፤ አባት ይሞታል፣ ልጅ ትሄዳለች።

ሰናይት ዝውውሩን ታውቃለች። ገና ማመልከቻውን ያስገባሁ ዕለት በደስታ ነግሬያታለሁ፤ ዝም አለች፤ እኔም ዝምታዋን እሺታ ብዬ አነበብኩት። ያን ምሽት ወደ በር ስትሸኘኝም ዝም አለች። ይሄኛውን እንዴት እንደማነበው አላወቅኩም።

ወሬው ከጋሽ ዘርጋ ሳሎን እንዴት እንደወጣ እንጃ። ብቻ በሳምንቱ ቢሮዬ በር ላይ ሰው ተሰለፈ። አንዲት ሴትዮ ተበላ ከምትባለው ከተማ ድረስ በሚኒባስ ተሳፍረው፣ የፏፏቴ ሥዕል በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ፏፏቴው ከመጠን በላይ ስለሚወርድ ይሆን ወይ ቤቱ ውስጥ ገንዘብ የማይበረክተው? ሌላኛዋ ሴት የአሮጌ ካላንደር ቅጠል አመጡ፤ ሜዳ ላይ የሚግጥ ፈረስ ነው፤ ባላቸው ይመለስ ይሆን? እኔ ተራራ የሚያህል የሂሳብ መዝጊያ ከፊቴ ተከምሮ ስለ ፈረስ አንገት አቀማመጥ አብራራለሁ። አልጠላሁትም፤ ለምን እዋሻለሁ? በሂሳብ ሠራተኛነቴ አንድም ቀን ሰው ተሰልፎልኝ አያውቅም።

አንድ አባት ግን ከቦዲቲ መጡ። ያመጡት ወደብ ላይ የቆመ መርከብ ነው። "ልጄ ደቡብ አፍሪካ ልሂድ እያለኝ ነው" አሉኝ። "ደላላው በባሕርም ነው በእግርም ነው ይላል። ይቺ መርከብ ትደርሳለች?" ያን ሁሉ ጽናት፣ ያን ሁሉ መሻገሪያ ወደ ጎን ተውኩት። "አባቴ፣ ይሄ መርከብ የትም አይሄድም፤ መልሕቁን ጥሏል" አልኳቸው። መልሕቅ አልነበረውም። እሳቸው እጄን ይዘው ሲያመሰግኑኝ ወንበሬ ውስጥ ገብቼ ብጠፋ በወደድኩ።

የኛ ኃላፊም ጠሩኝ። እስከዚያ ቀን ስሜን የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር፤ ስብሰባ ላይ "አንተ ሂሳብ" ነው የሚሉኝ። በሩን ዘግተው ከወንበራቸው በላይ ወደተሰቀለው አሮጌ ህትመት አመለከቱኝ፤ ገደል፣ ገደሉ ላይ ንስር።

"ንስሩ ምንድን ነው?"

"ሥልጣን ነው።"

"ጥሩ። ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚበረው?"

አየሁት። ክንፉን ሰብስቦ፣ ምንቃሩን ወደ ገደሉ ቀስሮ፣ እንደ ድንጋይ እየወረደ ነው።

"ለመነሣት እየተንደረደረ ነው" አልኩ።

ኃላፊያችን ወንበራቸው ላይ ተደላድለው "አንተን የመሰለ ባለሙያ ሂሳብ ክፍል መባከን የለበትም" አሉ። የአገሩ ባለሙያ የሚሾመው በዚህ መንገድ እንደሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ዝና ግን ብቻዋን አትመጣም። አከራዬ አንድ ጠዋት መንገድ ላይ አስቆሙኝና "ልጄ፣ እዚህ ግቢ ጸሎት ነው የሚደረገው" አሉኝ። ከተማው ውስጥ አዲስ ማዕረግ ወጥቶልኛል። ተምሳሌት የሚለውን ቃል መሸከም የከበደው ሁሉ ባጭሩ "ጠንቋዩ" ይለኝ ጀመር።

ሽማግሌዎች የላክሁት በዚህ መሐል ነው። መሪያቸው ጋሽ አንጁሎ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ሰው ያከብራቸዋል፤ ሁለት ሽማግሌዎችም አብረዋቸው አሉ። በደንቡ እኔ ቤቴ ሆኜ ጥፍሬን እየበላሁ መጠበቅ ነበረብኝ። ጋሽ ዘርጋ ግን "ልጁም አብሮ ይምጣ፤ ጥያቄ አለኝ" ብለው ላኩ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እኔ ከኋላቸው፣ ከበሩ መቃን ጋር ተጣብቄ ቆምኩ። ጋሽ አንጁሎ ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ሳይጨርሱ ጋሽ ዘርጋ አቋረጧቸው።

"የመጣችሁበትን አውቃለሁ፤ አከብራችኋለሁ። ግን እዚህ ቤት ሞት ተሰቅሏል። መጀመሪያ እሱ ይፈታ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከጥሎሽ እስከ ዘር ቆጠራ ለሁሉም ጥያቄ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት፤ ለዛፍ ግን አልተዘጋጁም። ጋሽ አንጁሎ መነጽራቸውን ቤት ረስተዋል። ወደ ቡፌው ሄዱ፤ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ፤ ብዙ ቆዩ።

"ይሄ" አሉ በመጨረሻ፣ "ቦምቤ አይደለም እንዴ?"

ሌሎቹ ሽማግሌዎች አንገታቸውን አሰገጉ።

"ቦምቤ ነው እንጂ! የተወለድኩበትን አገር መልክ አላጣውም። ያቺ ድልድይ ጎርፍ ሳይወስዳት በፊት ስንቴ ተሻግሬያታለሁ!"

"ተራራው ላይ ያለው በረዶስ?" አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

"ጉም ነው።"

"ዳክዬዎቹስ?"

"ዳክዬ ቦምቤ እንዳይሄድ የከለከለው ማነው?"

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። "ባለሙያው ምን ይላል?" አሉ ጋሽ ዘርጋ፤ ድምፃቸው ውስጥ ከሰነበተው ፍርሃት ሥር አንዲት ቀጭን ልመና ሰማሁ። የእንጨቱ ቤት ጣሪያ የየት አገር እንደሆነ አውቃለሁ። ሰርተፍኬት አለኝ። ሰናይት ከጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ እግሬን እንዳትረግጠኝ ሩቅ ናት፤ ዓይኗ ግን ያንኑ ያህል ከበደኝ።

"ቦምቤ ነው" አልኩ።

"ዛፉም የቦምቤ ነው ማለት ነው?"

"የቦምቤ ነው።"

"እኔ ቦምቤ ቤት የለኝም!" አሉ ጋሽ ዘርጋ። ከሶፋው ላይ ተነሥተው ቆሙ፤ ትከሻቸው ላይ የከረመው ጋቢ ወደቀ። "ኧረ ቦምቤ ውስጥ አንድ ክንድ መሬት የለኝም!"

"ቆይ" አሉ ጋሽ አንጁሎ፣ ከሥዕሉ አንድ እርምጃ ራቅ ብለው። "እኔ እዚያ ቤት አለኝ እኮ። ዛፉ ምንድን ነው ነው ያላችሁት?"

"ዛፍ ነው" አልኩ በፍጥነት።

"ዛፍ ብቻ?"

"ዛፍ ብቻ።"

አመኑኝ ወይስ አላመኑኝም አላውቅም። ጋሽ ዘርጋ ግን ሳቃቸው መጣ፤ ከዚያ ሳቃቸው እንደመጣ ሄደና ወደ እኔ ቀረቡ። ቅርብ ሲሆኑ አጭር ሰው ናቸው። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ሥዕሉን እንተወው" አሉኝ። "እናቷ ከሄደች ወዲህ እኔና አስካለች ያለችን እሷ ናት። ልጄን ይዘህ ትሄዳለህ?"

"እንግዲህ ጋሽ ዘርጋ፣ የሰው ሕይወት ራሷ መሻገሪያ..."

"በአማርኛ ንገረኝ።"

"ዝውውሩ ከመጣ..." አልኩ።

"ዝውውሩ ከመጣ እሱ ይሄዳል" አለች ሰናይት ከጓዳው በር። "እኔ የትም አልሄድም። ሱቄ እዚህ ነው፣ አባቴ እዚህ ነው፣ አክስቴ እዚህ ናት።"

እትዬ አስካለች በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

"ነግሬሽ ነበር እኮ! ዝም አላልሽም?" አልኳት፤ በሽማግሌ ፊት መሆኑን ረስቼ።

"ነገርከኝ" አለች። "አልጠየቅከኝም።"

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። የሰው ሁሉ ፏፏቴና ፈረስ ሳነብ የከረምኩት እኔ፣ ላገባት ያሰብኳት ሴት የት መኖር እንደምትፈልግ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። እዚያው በበሩ መቃን ላይ እንደተለጠፍኩ ጠየቅኋት።

"ሶዶ መኖር ትፈልጊያለሽ?"

"አዎ" አለች።

የሚተረጎም ነገር አልነበረውም። "እንግዲያው ማመልከቻውን ሰኞ አነሣዋለሁ" አልኩ። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ምን እንደምትለኝ እያሰብኩም ቢሆን አልኩት።

ጋሽ ዘርጋ ጋቢያቸውን ከመሬት አንሥተው አራገፉና "በሉ ተቀመጡ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?" አሉ ሽማግሌዎቹን። ተቀመጡ። ጋሽ አንጁሎ ብቻ ትንሽ ቆዩ፤ ወንበራቸውን አዞሩና ለሥዕሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።